በአንድ ምላጭ ጢም መላጨት እንዴት ይጀመራል? ስለ ውሃ፣ ስለ አረፋና ስለ ቀላል እጅ

ጠዋት የተላጨ አንገት ማታ ላይ ማሳከክ ይጀምራል። በማግስቱ ቀላ ቀላ ይላል። በሦስተኛው ቀን ከአገጭ ስር ጥቃቅን እባጮች ይወጣሉ፤ የሸሚዝ ኮሌታ በነካቸው ቁጥር ያቃጥላሉ። ይህ የሚደርስበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ቆዳዬን ምላጭ አይስማማውም» ብሎ ይደመድምና ወይ ጢሙን ይተወዋል፣ ወይ በየወሩ አዲስ ቅባት ይሞክራል። እኔም ለዓመታት ጥፋቱን በቆዳዬ ሳሳብብ ኖሬያለሁ።

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ግን ከሦስት ነገሮች ነው፦ ጢሙ በደንብ ሳይርስ በመላጨቱ፣ ፀጉሩ ከቆዳው ወለል በታች በመቆረጡና መላጫው ፊት ላይ በመጫኑ። አያቶቻችን ይጠቀሙበት የነበረው ባለ አንድ ምላጭ መላጫ ሦስቱንም እንድናስተካክል የሚያስገድድ መሣሪያ ነው። ጉልበት አይወድም። ጉልበት የጨመረበትን ሰው ወዲያው ይቆርጠዋል፤ ቀለል አድርጎ የያዘውን ደግሞ ሳያስቸግር ይላጨዋል።

ለመሆኑ ይህ መላጫ ምንድን ነው?

ቃላቱን እንለያቸው። «ምላጭ» ስል በሁለት ጠርዟ የተሳለችውን፣ በወረቀት ተጠቅልላ የምትሸጠውን ስስ ብረት ማለቴ ነው። «መላጫ» ደግሞ ምላጯ የምትገባበት ባለ እጀታ መሣሪያ ነው።

ብዙዎቹ መላጫዎች ሦስት ክፍል አላቸው፦ እጀታ፣ መደብ እና ክዳን። ምላጯ በመደቡና በክዳኑ መካከል ትቀመጣለች። እጀታው ሲጠብቅ ሁለቱ ይጨብጧትና እንደ ቀስት ትጎብጣለች። መጉበጧ ትልቅ ጥቅም አለው። የምላጯ ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ዘለላ የጢም ፀጉር አይበልጥም። ዝርግ ሆና ብትቀር ጢሙን ስትነካ ትርገበገብ ነበር። አንድ ወረቀት በጫፉ ቢይዙት ወደ ታች ይዘነበላል፤ መሐሉን ጎበጥ አድርገው ሲይዙት ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ምላጯንም የሚያጠነክራት ይኸው ነው።

ከምላጯ ስር፣ በመደቡ ዳር በኩል ወጣ ያለ ጠርዝ አለ። መከታ እንበለው። መከታው ከምላጯ ቀድሞ ቆዳውን እየነካ ያስተካክለዋል፤ ምላጯም ጠልቃ እንዳትገባ ይገድባታል። በሌሎች ቋንቋዎች መላጫው «ከአደጋ የሚጠብቅ» የሚል ስም የተሰጠው በዚህ መከታ ምክንያት ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ምላጭ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ፣ ስለቱ ሙሉ በሙሉ የተገለጠ፣ በየጊዜው በቆዳ ጠፍር ላይ የሚሳል ነበር። በእርሱ ለመላጨት የሰለጠነ እጅ ያስፈልጋል።

ማን ሠራው?

ሐሳቡ የአንድ ሰው አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ ስለት ሠሪ በምላጭ ላይ የእንጨት መከታ አበጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ኒውዮርክ የነበሩት የካምፍ ወንድማማቾች መከታ ላለው መላጫ የፈጠራ መብት አገኙ። የእነርሱ ምላጭ ግን ወፍራም ስለነበረ አሁንም መሳል ነበረበት።

ስሙ ገንኖ የቀረው የኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ጂሌት ተዘዋዋሪ ሻጭ ነበር። የጠርሙስ ቆርኪን የፈለሰፈው አለቃው ዊልያም ፔይንተር፣ ሰዎች ተጠቅመው የሚጥሉትና ተመልሰው የሚገዙት ነገር ሥራ ብሎ መክሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ሲላጭ ሐሳቡ መጣለት፦ የማይሳል፣ ሲደነዝዝ የሚጣል ስስ ምላጭ። ችግሩ ብረቱ ነበር። ያን ያህል ስስ ብረት አጠንክሮ መሳል አይቻልም ብለው ብዙ ባለሙያዎች መልሰውታል። መፍትሔውን ያገኘው ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው። በ1903 ሽያጭ ሲጀመር የተሸጡት 51 መላጫዎችና 168 ምላጮች ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት የመላጫው ቁጥር ከ90,000 አለፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ በሚሊዮን የሚቆጠር መላጫ አደለ፤ ወታደሮቹም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ራስን በራስ የመላጨት ልማድ ይዘው ገቡ።

የመጀመሪያዎቹ ምላጮች ውሃ ሲነካቸው ይዝጉ ነበር። የማይዝገው ብረት በስፋት የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዊልኪንሰን ሶርድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ካወጣው በኋላ ነው። የመላጫው ቅርጽ ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ዛሬ የተገዛች ምላጭ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት በተሠራ መላጫ ውስጥ ልክክ ብላ ትገባለች። ከአያቱ የወረሰውን መላጫ አጥቦ የሚጠቀም ሰው ያለው ለዚህ ነው።

አንድ ምላጭ ከብዙ ምላጭ በምን ይለያል?

እ.ኤ.አ. በ1971 ባለ ሁለት ምላጭ መላጫ ገበያ ላይ ዋለ። በ1998 ሦስት፣ በ2006 አምስት ደረሱ። ምላጮቹን የማብዛቱ ምክንያት እንዲህ ነው፦ የፊተኛው ምላጭ ፀጉሩን ይዞ ከጉድጓዱ ትንሽ ይስበዋል፤ ፀጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ ተከታዩ ደርሶ ዝቅ አድርጎ ይቆርጠዋል። ከሸሚዝ ላይ የተመዘዘ ክር ሳብ አድርጋችሁ በመቀስ ስትቆርጡት የቀረው ጫፍ ወደ ጨርቁ ይገባል። የጢሙ ጉቶም እንደዚያው ከቆዳው ወለል በታች ይቀራል። ፊት ሲዳሰስ ልስልስ ይላል፤ የሚወደደውም ለዚህ ነው።

ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ አይቸገርም። ፀጉሩ የሚጠቀለል ሰው ግን ይቸገራል። ከወለሉ በታች የቀረው ጉቶ ሲያድግ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ታጥፎ የራሱን ጉድጓድ ግድግዳ ይወጋል። አንዳንዱ ደግሞ ከወጣ በኋላ ተጠምዝዞ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይሰነቀራል። ተቆርጦ የቀረው ጫፉ ሹል ስለሆነ ለመውጋት ያመቸዋል። ሰውነት ይህን ልክ እንደ ገባ እሾህ ይቆጥረዋል። ያብጣል፣ ይቀላል፣ አልፎ አልፎም መግል ይቋጥራል። ሐኪሞች «ሱዶፎሊኩላይተስ ባርቤ» ይሉታል። ዝርያቸው ከአፍሪካ በሆነ ወንዶች ላይ በብዛት ይታያል። እየተደጋገመ ሲሄድ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ በአንዳንድ ሰው ላይም ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ያበጠ ጠባሳ ይሆናል።

ብቻዋን ያለች ምላጭ ፀጉሩን ቀድሞ የሚስብላት ሌላ ምላጭ የላትም። ከቆዳው ወለል ላይ ትቆርጠውና ታልፋለች። ስለዚህ እባጭ የመውጣቱ ዕድል ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ቆዳውን አጥብቆ ወጥሮ፣ ከጢሙ አበቃቀል በተቃራኒ ደጋግሞ ለሚላጭ ሰው አንዷም ምላጭ ከወለል በታች ትቆርጣለች። እባጩ ጠንቶበት አንገቱ ለቆሰለ ሰው ደግሞ የሚሻለው መላጨቱን አቁሞ የቆዳ ሐኪም ማየት ነው። ለአንዳንዱ ጢምን በቶንዶስ አጠር አድርጎ መተው ከየትኛውም ምላጭ ይበልጣል። ይህን የምለው ምላጭ ለመቀየር ተብሎ የቆሰለ ፊት ላይ ሙከራ ሲደረግ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ጢሙ ለምን መራስ አለበት?

ፀጉርና ጥፍር ኬራቲን ከተባለ አንድ ዓይነት ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ጥፍር ገላ ከመታጠብ በፊት ሲቆረጥ ቋ ብሎ ይፈናጠራል፤ ከታጠቡ በኋላ ግን ለስልሶ ይታጠፋል። ጢምም እንዲሁ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ኃይልም በጣም ይቀንሳል። ለዚህ 2 ወይም 3 ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ቀላሉ መንገድ ገላን ታጥቦ ወዲያው መላጨት ነው፤ ካልሆነም በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊት ላይ ማቆየት ነው። ፊትን አስቀድሞ በሳሙና ማጠብም ይጠቅማል፤ ፀጉሩ ላይ ያለው ወዝ ውሃውን ያርቀዋልና።

ፀጉር ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ሥራ ምላጭ ፀጉር ሲቆርጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተዋል። የምላጭ ብረት ከፀጉር 50 እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ሆኖም ፀጉሩ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በሰያፍ ሲነካው ብረቱ ደካማ በሆነበት ቦታ ላይ ይሸራረፋል። ምላጭ የሚደነዝዘው እየተፋቀ በማለቁ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ጥቃቅን ስንጥቅና ሽርፍራፊ እያወጣ ነው። በማግስቱ የሚቧጥጠው ይህ የተሸራረፈ ጠርዝ ነው።

አረፋው ምን ይሠራል?

አረፋ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ የጠጣው ውሃ ከጢሙ እንዳይተን ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ በምላጭና በቆዳ መካከል የሚያንሸራትት ስስ ሽፋን ይሆናል። ብዙዎች የአረፋ ጥቅም መንፋቱ ይመስላቸዋል። ዋናው ግን የያዘው ውሃ ነው። ከጣሳ ተጭኖ የሚወጣው አረፋ ያማረ ክምር ቢሆንም አብዛኛው አየር ነው፤ በብሩሽ የተመታው ቁመቱ ቢያንስም ውሃው ብዙ ነው።

ብሩሹ ከአሳማ ወይም ባጀር ከተባለ የዱር እንስሳ ፀጉር፣ አለዚያም ከሰው ሠራሽ ክር ይሠራል። ለጀማሪ ሰው ሠራሹን እመርጣለሁ፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም አያስፈልገውም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ብሩሹን አርሶ ውሃው እስኪያቆም ማራገፍ። ከዚያ የመላጫ ሳሙናው ላይ 30 ሰከንድ ያህል ማዞር፤ የክሩ ጫፍ ወፈር ያለ ቅባት መሰል ነገር ይይዛል። ይህን ወደ ፊት ወይም ወደ ጎድጓዳ ሳህን ወስዶ እያዞሩ መምታት። ጥቂት ጠብታ ውሃ መጨመር፣ እንደገና መምታት፣ እንደገና ጥቂት ጠብታ።

የሚሳሳተው እዚህ ነው ብዙ ሰው፤ ቶሎ ያቆማል። የመጀመሪያው አረፋ ነጭና ወፍራም ስለሆነ ያለቀ ይመስላል፤ ውሃ ግን አንሶታል። በሁለት ጣት ይሹት። የሚጣበቅ ከሆነ ደረቅ ነው። ጣቶቹ ያለ ምንም መያያዝ ከተንሸራተቱ ደርሷል። ሲያዩት እንደ እርጎ ያብለጨልጫል፤ በዓይን የሚታይ አንድም የአየር ኳስ የለውም። ትልልቅ ኳስ ካወጣና ከአገጭ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ውሃው በዝቷል፤ ብሩሹን ሳሙናው ላይ መለስ አድርጎ ማዞር ያስተካክለዋል። ያገኛችሁትን የገላ ሳሙና ከመጠቀም ለመላጫ የተሠራውን መግዛት ይሻላል፤ የገላ ሳሙና አረፋ ፊት ላይ ቶሎ ይጠፋል።

እጅ ምን ያድርግ?

ምላጯ ቆዳውን የምትነካበትን አንግል ለማግኘት ቀላል ዘዴ አለ። መላጫውን ከጉንጭ ጋር አስጠግተው እጀታው ወደ ጎን ቀጥ ብሎ እንዲወጣ፣ ክዳኑ ብቻ ቆዳውን እንዲነካ ያድርጉ። በዚህ ጊዜ ምላጯ አትነካም። ከዚያ እጀታውን ቀስ እያሉ ወደ ታች ያውርዱ፤ ምላጯ ቆዳውን ልትነካ ስትል ያቁሙ። ምላጯና ቆዳው 30 ዲግሪ ገደማ ሲሆኑ ማለት ነው። እዚያው አንግል ላይ ይዘው ይሳቡ።

አንግሉ መያዙን ጆሮም ይነግራል። ትክክል ሲሆን ጥርት ያለ፣ ደረቅ ቅጠል በእግር ሲረገጥ የሚመስል ጥቃቅን ድምፅ ይሰማል፤ የተቆረጠ ፀጉር ድምፅ ነው። ምላጯ ዝም ካለች ክዳኑ ብቻ ነው የሚንሸራተተው። ከቧጠጠች ከልክ በላይ ቆማለች።

ጫናውን በተመለከተ፣ ከባለ ብዙ ምላጭ መላጫ የመጣ እጅ ሳያውቀው ይጫናል። የብረት መላጫ የራሱ ክብደት አለው፤ ብዙዎቹ ከ60 እስከ 100 ግራም ይመዝናሉ። ያ ይበቃል። እጀታውን በመዳፍ ከመጨበጥ በጣቶች ጫፍ፣ ወደ ታችኛው ጫፍ ዝቅ ብሎ መያዝ ጫናውን ይቀንሰዋል፤ እንደዚያ የተያዘ ነገር ለመጫን አይመችም። አንድ ጊዜ ሲስቡ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ይሂዱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሳቡ በኋላ በውሃ ያለቅልቁ፤ ሳሙናና ፀጉር ከጠቀጠቀው ምላጯ አትደርስም። መላጫውን ወደ ጎን፣ በምላጯ ርዝመት በኩል ፈጽሞ አያንሸራቱ። ከባዱ ቁርጥ የሚመጣው ከዚያ ነው።

በየት አቅጣጫ ልላጭ?

ጢም በሁሉም ቦታ ወደ ታች አይበቅልም። ለመጀመር አንድ ወይም ሁለት ቀን ጢሙን ይተዉትና በጣት ይዳስሱት። ጣት ሲንሸራተት ልስልስ የሚልበት አቅጣጫ አበቃቀሉ ነው፤ የሚሻክርበት ተቃራኒው ነው። ጉንጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ይሄዳል። አንገት ላይ ግን ወደ ጎን ይዞራል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ከጉሮሮው ግራና ቀኝ እንደ አዙሪት ይሽከረከራል። እባጭ የሚበዛው አንገት ላይ መሆኑም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁሉንም ወደ ላይ የሚላጭ ሰው ግማሹን በተቃራኒ እየላጨ ነው። የአንገትዎን አቅጣጫ ወረቀት ላይ በቀስት ምልክት ሥለው መስታወት ላይ ይለጥፉት። ለሳምንት ያህል ጠቅሞኛል።

አንድ ጊዜ ፊትን ሙሉ መላጨት አንድ ዙር ይባላል። የመጀመሪያው ዙር በአበቃቀሉ ነው። ጢም ከቀረ እንደገና አረፋ ተቀብቶ ወደ ጎን ይላጫል። በተቃራኒ የሚደረገው ሦስተኛ ዙር እባጭ ለማያውቀው ሰው ነው፤ እባጭ የሚወጣበት ሰው ፈጽሞ ባይሞክረው ይሻለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ዙር ብቻ ይበቃል። ትንሽ ጥቁር ጥላ ይቀራል፤ ይቅር። ደረቅ ቦታ ላይ፣ አረፋ በሌለበት «ይቺን ብቻ» ብሎ መመለስ ግን የብዙ ቁስል መነሻ ነው።

የትኛውን መላጫ፣ የትኛውን ምላጭ?

መላጫዎች በኃይላቸው ይለያያሉ። ምላጯ ከመከታው ብዙ ወጣ ስትል ብዙ ትቆርጣለች፣ ብዙም ትቀጣለች። ለጀማሪ ለስላሳ የሚባለው፣ መከታው ድፍን የሆነው ይስማማል። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው መከታ ለረጅም ጢም ነው።

ምላጮች ደግሞ በስለትና በሽፋናቸው ይለያያሉ፤ ለአንዱ ፊት የተስማማው ሌላውን ይቧጥጣል። ከተለያየ ዓይነት ጥቂት ጥቂት ይግዙ፤ ነገር ግን በአንዱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይላጩ። ምላጭ በየቀኑ የሚለዋውጥ ጀማሪ ስህተቱ የእጁ ይሁን የምላጩ መለየት አይችልም። አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው ከ3 እስከ 7 ጊዜ ያገለግላል። መጎተት የጀመረች ቀን ትቀየር። ጠርዟን በፎጣ አትጥረጓት፤ ለእጅም ለስለቷም አይበጅም። በውሃ አለቅልቆ አራግፎ ማስቀመጥ ነው።

ስትቀይሯት በአጫጭሮቹ፣ ባልተሳሉት ጎኖቿ ያዟት። እጀታው ከጠበቀ በኋላ ከላይ ሲያዩት ምላጯ በሁለቱም ወገን እኩል መውጣቷን ያረጋግጡ። አንድ ወገን ከበለጠ ፈቶ እንደገና ማስተካከል ነው።

ብቆረጥስ?

ንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝና ቀዝቃዛ ውሃ ትንሹን ቁርጥ ያቆሙታል። ጸጉር አስተካካዮች የሚጠቀሙበት፣ እንደ በረዶ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ አሉም የተባለ የማዕድን ጨውም አለ፤ እርጥብ ፊት ላይ ሲታሽ ደሙን ያቆማል። ሲነካ የሚያቃጥልበት ቦታ ዛሬ የት እንደተጫኑ ያሳይዎታል። ለእኔ አንገቴ ቀኝ በኩል ነበር፣ ወር ሙሉ። ከተላጩ በኋላ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ በፎጣ ሳይፈትጉ ማድረቅና ሽታ የሌለው ማለስለሻ መቀባት ይበቃል። አልኮል የበዛበት ሽቶ ቆዳን ያደርቃል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ ኬሎይድ የሚወጣባቸውና ፊታቸው ላይ የቆሰለ ብጉር ያለባቸው ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ምላጭ ደግሞ ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ወንድምም ይሁን ጓደኛ። ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና ኤች አይ ቪ ደም በነካው ስለት ሊተላለፉ ይችላሉ።

በምላጭ የተላጨ ጢም ወፍሮ ይበቅላል?

አይበቅልም። ያልተላጨ ፀጉር ጫፉ የሾጠጠ ስለሆነ ለስላሳ ይመስላል፤ ሲቆረጥ መሐሉ ላይ ያለው ወፍራሙ ክፍል ይገለጣል፣ ሲያድግም ይሻክራል። ሥሩ ያለው ከቆዳ በታች ነው፤ ላይ ላዩን የተደረገበትን አያውቅም። ሚልድረድ ትሮተር የተባሉ የሥነ አካል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተሙት ጥናት የወንዶችን ጢም እየለኩ መላጨት ውፍረቱንም ሆነ የዕድገት ፍጥነቱን እንደማይለውጥ አሳይተዋል።

ያገለገለው ምላጭ የት ይጣላል?

ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ባዶውን አይጣል፤ የሚሰበስበውን ሰው እጅ ይቆርጣል። አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ይዘጋጅ፤ ክዳኑ ላይ ምላጭ የምታልፍበት ጠባብ ስንጥቅ ይደረግለትና ጣሳው እንዳይከፈት ይታሸግ። ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ምላጮቹ እጅግ ስስ ስለሆኑ ለብዙ ዓመት አይሞላም። ሲሞላ ስንጥቁ በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ «ምላጭ» ተብሎ በጉልህ ተጽፎ ለብቻው ይሰጣል።